እማዬ ስልክ ላይ የሚመጣው ቁጥር

ከአገሬ ከዲክሲስ በወጣሁበት ዋዜማ እማዬ የበሶ ቋጠሮዬን ደጋግማ እየፈታች ታስር ነበር። ሆድ ሲብሳት አይቼ «ስልክሽን እንዳትዘጊ ብቻ» ብዬ ቀለድኩባት። ወይ እኔ! እንጀራዬ በዚያ ስልክ እንደሚንጠለጠል በምን አውቄ!

ለቪዛ ኢሜይል ሲጠይቁኝ ስልኬ ተሰርቆ ነበር። አሰላ ያለው የኮምፒውተር ቤት ባለቤት «የቤተሰብ ቁጥር አምጪ» ብሎ በእማዬ ስልክ ከፈተልኝ። እኛ ጋ እንዲህ ነው፤ ኢሜይልሽን ሌላ ሰው ይከፍትልሻል፣ አንቺ ወረቀትሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።

ጀርመን ስገባ ብርዱ አልገረመኝም፤ የዲክሲስን ጠዋት የማውቅ ሰው ነኝ። ያስለቀሰኝ ኮምፒውተር ነው። እዚህ ሳህን ለማጠብ እንኳ በኢንተርኔት ካላመለከትሽ ማንም አያይሽም! ስንት ወር ቤት ተቀምጬ በመጨረሻ የአንድ አረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ሠራተኛ ፈለገ። ማመልከቻው የሚዘጋ ዕለት ሥራ አገናኝ ቢሮ ሄጄ ኢሜይሌን ልከፍት ስል፣ ኮምፒውተሩ ማረጋገጫ ቁጥር ወደ ስልክሽ ልኬአለሁ አለኝ።

«ስልክሽ የታለ?» አለች ሠራተኛዋ።

«እናቴ ጋ።»

«እናትሽስ?»

«ዲክሲስ።»

«በየትኛው ባቡር ነው የሚኬደው?»

እዚህ በገዛኋት ስልክ ደወልኩ፤ አይነሳም። አሁንም አይነሳም። ቢሮው ሊዘጋ ሲል እማዬ እያለከለከች አነሳች፤ ለካ ገብስ እያበራየች ኖሯል። ቁጥሩን እንደገና አስላክሁ። ፊደል ባትቆጥርም ቁጥር ታውቃለች፤ በኦሮምኛ ጠራችልኝ፦ «ቶርባ፣ ለማ፣ ሰገል...» አንድ በአንድ አስገባሁ፤ ማመልከቻዬም በሰዓቱ ሄደ። ሥራውን አገኘሁ፤ ተመስገን!

የሥራ ፈረቃችን የሚመጣው በኢሜይል ነው። በወጥ ቤቱ ኮምፒውተር በከፈትኩ ጊዜ ሁሉ ቁጥሩ እማዬ ጋ ይሄዳል። እሷም ስልኩን ከመቀነቷ አትለየውም። ቁጥሩን ትጠራልኝና «በልተሻል?» ትለኛለች። አልበላሁም ካልኩ ወዮልኝ!

ባለፈው አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ጉዴን ሰምታ በሳቅ ሞተች። «የራስሽን ቁጥር አታስገቢም?» ብላ እዚያው ቀየረችልኝ። እኔም አሁን ገና ሰው ሆንኩ ብዬ ኮራሁ።

ትናንት እማዬ ራሷ ደወለች።

«ቁጥሩ መምጣት ቀረ። ከሥራ አስወጡሽ እንዴ?»

«አይ እማ፣ አሁን እኔው ስልክ ላይ ነው የሚመጣው።»



«እሰይ ልጄ። እኔ እኮ ቻርጅ አድርጌ እየጠበቅኩ ነበር።»

እንባዬ መጣ።

«እማ፣ እስቲ ዝም ብለሽ ቁጠሪልኝ።»

«ምኑን?»

«ምንም ይሁን።»



«ቶኮ» አለች፣ «ለማ... ሰዲ... በልተሻል?»