ለኩባንያ የሄደ ሽምግልና

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬ ያለቀው በመኪና መሪና በሽምግልና ነው። አትላንታ ውስጥ ስንቱን ድሬያለሁ፣ ስንቱን አስታርቄያለሁ። ስለ አክሲዮን ልጽፍ ስነሳ "ምን አውቆ!" የሚለኝ ቢኖር እውነቱን ነው። ግን ያየሁትን አይቻለሁ።

ልጄ አትላንታ አጠገብ ዱሉዝ የምትባል ከተማ ባለ አንድ የምግብ ኩባንያ የሂሳብ ኃላፊ ናት። ኩባንያው የአሜሪካ አይደለም። ከሩቅ ምሥራቅ በመርከብ በረዶ የሆነ ምግብ እያስመጣ ለትልልቅ ሱቆች ያከፋፍላል። ባለቤቱ እኩያዬ ናቸው፤ ባገራቸው ከአንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ተነስተው ነው አሉ እዚህ የደረሱት። ባለፈው ዓመት ኩባንያቸውን በድርሻ ከፋፍለው ኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ላይ ሊያወጡት ተነሱ።

በዚያ ሰሞን ልጄ ፊቷ ጠቁሮ ነው የምትገባው። አንድ እሑድ ምሳ ላይ እናቷ "ምነው፣ ምን ሆነሻል?" ብትላት አወጣችው።

"ኩባንያ እዚህ ገበያ ሲወጣ ስለ ራሱ መጽሐፍ ያወጣል። ጥሩ ጥሩውን ብቻ አይደለም፤ ሊጎዳው የሚችለውንም ይናገራል። የዱሉዙን የምጽፈው እኔ ነኝ።"

"ምን ብለሽ ጻፍሽ?" አልኳት።

"በሰመር ሙቀት ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ምግቡ በሙሉ መጣሉን። ትልቁ ደንበኛችን በዚያ ተቀይሞ ውሉን ላያድስ እንደሚችል።"

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። "እንጀራ የሚሰጥሽን ሰው ገበና አደባባይ አወጣሽ?"

"አባዬ፣ ሕጉ ነው እኮ!"

"ሰውዬውስ ምን አሉ?"

"ያንን አጥፊው አሉኝ። አላጠፋውም አልኩ። ሐሙስ ከጠበቆቹ ጋር ይነጋገራሉ። እሱን ከመጽሐፉ ካላወጣሁ ከሥራ የምወጣው እኔ ነኝ መሰለኝ።"

እናቷ አማተበች። እኔ ግን መላው ወዲያው መጣልኝ። ልጅ ታላቁን ሲያስቀይም ሽማግሌ ይላካል፤ ሌላ ምን አለ? ለሷ ሳልነግር ሁለቱን የሽምግልና ጓደኞቼን ጠራኋቸው።

"ኩባንያ ዘንድ ሽማግሌ ሆነን ሄደን አናውቅ፣" አለ አንደኛው። "ጥሎሽ ቢጠይቁንስ?"

"ዝም ብለህ ልበስ፣" አልኩት።

ረቡዕ ጠዋት በሱፍ ላይ ነጠላ ደርበን ከኩባንያው መጋዘን በር ደረስን። ዘበኛው ዕቃ የምናደርስ መስሎት መኪናችን የት እንደቆመ ጠየቀን። በስንት ምልክት የልጄን ስም ነግረነው ተጠርታ መጣች። ስታየን ክው አለች።

"አባዬ! ኦ ማይ ጋድ! ምን ልታደርግ መጣህ?"

"ላስታርቅሽ ነዋ።"

"ማን ተጣላ? ሂድ ፕሊስ፣ ቤት እናወራለን።"

"ሽማግሌ ከደጅ አይመለስም።"

ይህን ስንባባል ባለቤቱ በኮሪደሩ ብቅ አሉ። ሦስት ሽበታም ነጭ ደርበን ስንቆም ሲያዩ እሳቸውም ቆሙና ጎንበስ ብለው እጅ ነሱን። እኛም ጎንበስ አልን። ቢሯቸው አስገብተው ወንበር አሳዩን፤ አልተቀመጥንም። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ እስኪባል ቆሞ ነው። ልጄ ልታስተረጉም መሀል ገባች።

"ጌታዬ፣" አልኩ፣ "ልጄ አጥፍታለች። የቤትዎን ገበና ጽፋለች። ይቅር ይበሏት፤ የጻፈችውን ታነሳዋለች።"

ልጄ የፊተኛውን ብቻ ተረጎመች።

"ጨርሺው እንጂ!"

"የመጨረሻውን አልተረጉምም።"

ሰውዬው አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያዩ "አባትሽ ምን አሉ?" አሏት። ይችን ታህል እንግሊዝኛ እኔም እሰማለሁ። ልጄ ቀና አለች። በኋላ እንደነገረችኝ እንዲህ ነው ያለቻቸው፦ "አባቴ ታነሳዋለች ብሎ ቃል እየገባልዎ ነው። እኔ አላነሳውም። ሌላ ሰው ያንሳው ካሉ ይችላሉ፤ እኔ ግን እዚያ ላይ አልፈርምም።"

ቃሉን ባልሰማም ድምጿን ሰማሁ። ምንም አልተንቀጠቀጠም። እንደ ዋርካ ቆማለች። ይችን ልጅ እኔ ነኝ ያሳደግኋት? አልኩ በልቤ።

ሰውዬው እኛ ምን እንደምንሠራ ጠየቋት። ለሰው ትዳር የምንጠይቅ ሽማግሌዎች መሆናችንን ነገረቻቸው። ባገራቸውም እንዲህ ያለ ሰው አለ አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"ለሙሽራው ስትለምኑ ጉድለቱን ትናገራላችሁ?"

ውሸት አይሆንልኝም። "አንናገርም፣" አልኩ። "ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው ነው የምንለው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ዓመት ሳይሞላ ለማስታረቅ እንጠራለን።"

ጓደኛዬ በክርኑ ጎሸመኝ። ልጄ ይችንስ አንዲት ቃል ሳታስቀር ተረጎመችው። ሰውዬው ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ተነስተው በመስኮት የሚጫኑትን መኪኖች ሲያዩ ቆዩ።

"ያ ሁሉ ምግብ ሲጣል እዚህ ቆሜ ነበር፣" አሉ። "አፍሬ ነው እንዲጠፋ የፈለግሁት። አሁን እኔም ከሰው ደጅ ገንዘብ ልለምን መሄዴ ነው። የጻፍሽው ይቆይ፤ አትንኪው።"

ይህን ስትተረጉምልን ነው ድምጿ የተሰበረው። ሰውዬው ወንበሩን እንደገና አሳዩን። ተቀመጥን።

ገበያ የወጡበት ቀን ሠራተኛው ሁሉ በምሳ ክፍሉ ቴሌቪዥን ፊት ተሰበሰበ፤ እኛም ተጠራን። ሰውዬው ኒውዮርክ የገበያውን መክፈቻ ደወል ሲደውሉ እልል አልንላቸው። አክሲዮኑ ካሰቡት ዋጋ ዝቅ ብሎ ነው የተሸጠው። ገዢ ግን አልጠፋም። ቆይቶ ያ የተቀየመው ደንበኛ እውነትም ሄደ፣ ዋጋውም ወረደ። ሆኖም አታለላችሁን ብሎ የጮኸ የለም። ኩባንያው ይኸው ቆሟል፤ ልጄም ከነወንበሯ። እዚህ አገር የማልወደው ነገር ብዙ ነው። ገንዘብ ልትለምን ስትመጣ ነውርህን ተናገር የሚለውን ሕጉን ግን አደንቃለሁ።

በቀደም እዚሁ አትላንታ አጠገብ፣ ዲኬተር፣ አንዲት ልጅ ለትዳር ልንጠይቅ ሄድን። ጓደኞቼ እንደ ልማዳቸው የሙሽራውን ጨዋነት ደረደሩ። ተራው ሲደርሰኝ "ሠራተኛ ነው፣" አልኩ። "ቁጡም ነው። ሲናደድ በር በርግዶ ይወጣል። ይመለሳል ግን።"

ጓደኛዬ ነጠላውን አፉ ላይ ያዘ። የልጅቷ አባት ትኩር ብለው አዩኝና ወደ ውስጥ ዞረው ልጃቸውን ተጣሩ።

"ሰማሽ የሚሉትን?"

"አውቃለሁ አባዬ፣" አለች ከውስጥ። "እነሱ ይናገሩታል ብዬ አልጠበቅሁም እንጂ።"

አባትየው ወንበሩን ሳቡልኝ። "በሉ ተቀመጡ፣" አሉ።