የ‹ወላሂ› ቅጣት

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ የወጣቶቻችን መሪ ናትናኤል በር ላይ ጠበቀኝ። «ጋሼ ታደሰ፣ ለቅዳሜው ጉባኤ እርስዎን መርጠናል» አለኝ። «ርእሱ ፈተናን ስለ መቋቋም ነው። የካርቱሙን ዘመን ይንገሩን። ያባትዎን ነገር ደግሞ እንዳይረሱ፤ ልጆቹ እሱን ሲሰሙ ልባቸው ይነካል።» እሺ ብዬው ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ቁልፉን አስገብቼ ሳላዞረው ብዙ ቆየሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሆኜ እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም፤ እሺ የምልበት ፊትም አልነበረኝም።

ካርቱም የገባሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንደ ብዙው ሰው በመተማ በኩል፣ ሥራ ፍለጋ። መንግሥት አላሳደደኝም። ካሳደደኝም አባቴ ነው፤ ጊደሩን ሳላስፈቅደው ሸጬበት ነበር። አል-ማንሺያ በሚባል ሰፈር የአንድ ሐኪም ቪላ ጠባቂ ሆንኩ፤ በእነሱ አጠራር ጋፊር። በር እከፍታለሁ፣ አትክልት አጠጣለሁ፣ መኪና አጥባለሁ። በጋው ሲበረታ የበሩ ብረት እጅ ይፈጃል። ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል የተነሣ ቀን ደግሞ ጠዋት የጠረግኩትን ግቢ ከሰዓት እንደ አዲስ እጀምረዋለሁ።

ሰው የምሆነው አርብ ነበር። እዚያ አገር ሥራ የሚዘጋው አርብ ስለሆነ እኛም ሰንበታችንን ወደ አርብ አዛውረነው ነበር። እነ ሐኪሙ ከመስጊድ መልስ ምሳቸውን በልተው ሲተኙ፣ ሸሚዜን ለውጬ፣ ጣቱን እያጮኸ ተሳፋሪ የሚጠራው ረዳት ባለበት አውቶቡስ ወደ ዴም ሰፈር እሄዳለሁ። እዚያ እትዬ ብርሃኔ የሚባሉ፣ ካፉሪ ሰፈር በአንድ ሀብታም ቤት ወጥ የሚሠሩ ሴት የተከራዩት ግቢ አለ። በግቢው የሣር ዳስ፣ ከዳሱ ሥር ምንጣፍ፣ ከምንጣፉ ጫፍ ዚር የሚሉት ትልቅ የሸክላ የውኃ ጋን። ስምንት ነበርን። እንዘምራለን፣ እናነባለን፤ ከዚያ ገዛኸኝ ያመጣውን ዳቦ በፉል እንበላለን። ገዛኸኝ ኦምዱርማን ገበያ አጠገብ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ ድልድዩን ተሻግሮ ሲመጣ ዳቦው ገና ሙቀቱን አይለቅም፣ እሱም ቅንድቡ ላይ ያለውን ዱቄት አይጠርግም።

ሁለት ልማድ ነበረን። አንደኛው የእትዬ ብርሃኔ ፈጠራ ነው። ካርቱም የከረመ ሰው ሳያስበው «ወላሂ» እያለ መማል ይለምዳል፤ ወንጌል ደግሞ አትማሉ ይላል። ስለዚህ «ወላሂ» ያመለጠው ሰው ባልዲ ይዞ ከመንገዱ ማዶ ካለው ቧንቧ ይቀዳና ዚሩን ይሞላል። ብዙውን ጊዜ የምቀዳው እኔ ነበርኩ። «ታደሰ ባይኖር በውኃ ጥም እናልቅ ነበር» ይሉ ነበር እትዬ ብርሃኔ፣ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ።

ሁለተኛው ልማድ አያስቅም። ከምግቡ በኋላ ሁለት ሁለት ሆነን ግቢው ውስጥ እንበታተንና የሳምንቱን ፈተና ሳንደብቅ ለጓደኛችን እንነግራለን። ሰሚው እጁን ጭኖ ይጸልያል፤ የሰማውን ለማንም አይናገርም። የእኔ ጓደኛ ገዛኸኝ ነበር። እኔ የምነግረው ቀላል ቀላሉን ነው፤ የሐኪሙን ሲጋራ ሰርቄ ማጨሴን፣ የጎረቤቱን ሠራተኛ ማየት ማብዛቴን። እሱ ግን አንድ አርብ ለስድስት ዓመት ለማንም ያልነገረውን ነገረኝ። ወታደሮች ቤታቸው ሲመጡ እናቱ ኮርኒስ ውስጥ ደበቁት። በቀዳዳው ቁልቁል እያየ አባቱን ወሰዱበት። አባትየው አንድ ጫማ ብቻ እንዳጠለቁ ነው ያወጧቸው፤ ሌላው አልጋው ሥር ቀረ። አልተመለሱም። እናቱ ያንን አንድ ጫማ ቀለም እየቀቡ ያስቀምጡታል።

«የጠቆመብንን ጎረቤት አውቀዋለሁ» አለኝ። «ፈተናዬ እሱ ነው፣ ታዴ። ሊጡን ሳቦካ እሱን የማቦካው ይመስለኛል። ሰው መጥላት ያደክማል።»

እጄን ጫንኩበትና ጸለይኩ። ያን ቀን ከልቤ ነበር።

በዚያው ሰሞን የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ወደ ሌላ አገር ለመሻገር ቃለ መጠይቅ ጀመረ። ከተማው በኬዝ፣ ማለትም ለቢሮው በሚነገር የስደት ታሪክ፣ አበደ። ሻይ ቤቱ ሁሉ ታሪክ የሚሸጥበት፣ ታሪክ የሚጠናበት ሆነ። እኛ ስምንታችን ዳሱ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ በእግዚአብሔር ፊት አንዋሽም ብለን ቃል ገባን። ያለን እውነት ካሻገረን ያሻግረን፣ ካላሻገረን ካርቱምም የእግዚአብሔር ናት አልን። ከሁሉም ጮክ ብዬ አሜን ያልኩት እኔ ነበርኩ። አሁን ሳስበው፣ ድምፄን ያስጮኸው ፍርሃት ነው።

የእኔ ቀን ከገዛኸኝ በሁለት ሳምንት ቀደመ። ጠያቂዋ ደከም ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ነበረች። እውነቱን ነገርኳት፤ ድህነቱን፣ መንገዱን፣ የካርቱምን ኑሮ። ብዙም ሳትጽፍ ፋይሉን ማጠፍ ጀመረች። «ሌላ የምትጨምረው አለ?» አለችኝ በአስተርጓሚው በኩል። ከንግግሯ ይልቅ ፋይሉን የምታጥፍ እጇን አየሁ። በዓይኔ የአል-ማንሺያው ትኩስ በር መጣብኝ፤ ዕድሜ ልኬን ለሰው ስከፍትና ስዘጋ።

«አባቴን ወስደውብኛል» አልኩ።

ከዚያ በኋላ አፌ የእኔ አልነበረም። ኮርኒሱን ነገርኳት፣ ቀዳዳውን፣ አንዱን ጫማ። እናቴ ቀለም ትቀባዋለች ስል ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ውኃም አስመጣችልኝ። አባቴ በዚያች ሰዓት አገር ቤት ጤፉን ይወቃ ነበር።

የገዛኸኝ ተራ ከደረሰ በኋላ በመጣው አርብ ሐቡብ ነፍሶ ነበር። ዳሱም፣ ምንጣፉም፣ ዳቦውም አቧራ አቧራ ይላል። ገዛኸኝ አልዘመረም። እንደ ልማዳችን ሁለት ሁለት ስንሆን፣ ዚሩ አጠገብ ተቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ።

«ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች» አለ። «ይህን ታሪክ የምትነግረኝ ሁለተኛው ሰው ነህ፣ እናንተ ሰዎች እየተቀባበላችሁ ታጠናላችሁ አለችኝ። ኻላስ፣ አበቃ፤ ፋይሌን ዘጋችው።»

የእኔን ስም ግን አልጠራም። ሁልጊዜ የምንጠያየቀውን ጠየቀኝ።

«ያንተስ ሳምንት እንዴት ነበር? ምን ፈተና ገጠመህ?»

በሩን ከፍቶልኝ እንደ ነበር የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የታየኝ የሚዘጋብኝ በር ብቻ ነበር።

«ወላሂ፣ ምንም» አልኩ።

አልሳቀም። «እኔን ግን ያ የድሮው ፈተና ተመልሶብኛል» አለ። «ሰው ልጠላ ነው። እጅህን ጫንና ጸልይልኝ።»

ጸለይኩለት! ከዚህ የባሰ ኃጢአት የሠራሁ አይመስለኝም። ፀሐይ ባገረረው፣ አቧራ በጠጣ ፀጉሩ ላይ እጄን ጭኜ፣ በዚያ በሚያምር ድምፄ፣ ያን ሰው ይቅር የሚልበት ጉልበት እንዲሰጠው ጌታን ለመንኩ። ገዛኸኝ አሜን አለ። ከዚያ ተነሣና ባልዲውን አንሥቶ ወጣ። ከቧንቧው ቀድቶ ሲመለስ እትዬ ብርሃኔ «ደግሞ ዛሬ አንተ ማልክ እንዴ?» ቢሉት፣ «ያው የእኛው ወላሂ ነው፣ እትዬ» አላቸው። ሁለት ባልዲ አመላልሶ ዚሩን ሞላ። እኔ ተቀምጬ አየሁት። ተነሥቼ ባልዲውን ብቀበለው ኖሮ አፌም አብሮ ይከፈት ነበር ብዬ አምናለሁ። አልተነሣሁም።

ከቃለ መጠይቁ በስምንተኛው ወር መሻገሩ ተሳካልኝ። ገዛኸኝ ሲሸኘኝ ለመንገድ ዳቦ ጋግሮ አመጣልኝ፤ አቅፎም ሳመኝ። እሱ እዚያው ቀረ። ከእኛ በኋላ የመጡትን ልጆች ያ ግቢ ውስጥ ሲያስተምር ብዙ ዓመት ኖረ አሉ። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጀምሬለት ሁለቱንም ቀደድኳቸው። የሱዳኑ ጦርነት ሲነሣ ኦምዱርማን ነበር ብለውኛል፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ከዚያ የወጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ።

ውሸቱ ግን አብሮኝ ተሻገረ። ፋይሉ ላይ የተጻፈውን እዚህ ያሉት ወገኖች ሰሙ፤ ምስክርነት ስጥ አሉኝ፣ ሰጠሁ። ባለቤቴ ያገባችኝ የዚያ የተወሰደ ሰውዬ ልጅ ብላ ነው። ልጆቼ ስለ ባለ አንድ ጫማው አያታቸው ትምህርት ቤት ጽፈዋል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እውነተኛው አባቴ በሰማንያ ዓመቱ ሲሞት መርዶው በስልክ ደረሰኝ፤ ለቤተሰቤም ለጎረቤትም «አጎቴ ሞተ» አልኩ። ሰው ለአጎት የሚቀመጠውን ያህል ተቀመጠ፤ በማግሥቱ ወንበሮቹ ተነሡ። አባቴን መኪና ውስጥ፣ መስኮት ዘግቼ ነው ያለቀስኩት።

ትናንት ማታ ባለቤቴን አስቀምጬ ነገርኳት። እስከ አሁን አላናገረችኝም፤ እውነት አላት። ለቅዳሜ ያዘጋጀሁትን ንግግር ደግሞ ቀደድኩት። ፈተናን ስለ መቋቋም እኔ የማውቀው ነገር ቢኖር የተቋቋመውን ሰው አጠገቡ ተቀምጬ ማየቴ ነው፤ ስለ እሱ እነግራቸዋለሁ። አዲሱ ወረቀት ላይ እስካሁን የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነው። «ልጆቼ፣ አባቴ የሞተው በገዛ አልጋው ላይ ነው፤ ሁለቱም ጫማዎቹ አልጋው ሥር ነበሩ።»