ሰባቱ ጥቁር ዲናሮች

የሮማውያንን የብር ሳንቲም መሰብሰብ የጀመርኩት በጋዜጣ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የመናዊ ባለሱቅ ከኤደን ወደብ የሚመጡለትን አሮጌ ሳንቲሞች በቆርቆሮ ጣሳ ያስቀምጥ ነበር። በወንጌል ስማቸውን የምናውቃቸው ዲናሮች ናቸው። እኔ የምመርጠው የጠቆሩትን ነው። ብር በብዙ ዘመን ቀስ እያለ ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ ጠርዙ ላይ ወደ ሰማያዊ፣ መሀሉ ላይ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። አንዴ ከተፈተገ በሰው ዕድሜ ተመልሶ እንደዚያ አይሆንም።

የተከራየሁት ክፍል በሩ የሚያስተማምን ስላልነበረ ሰባቱን ዲናሮች ሰበታ አክስቴ ቤት፣ ከልብስ ሳጥናቸው ሥር አስቀመጥኳቸው። «አሮጌ ብር ነው» ብቻ አልኳቸው።

ከረጅም የሥራ ጉዞ ስመለስ ሳጥኑን ከፈትኩ። ሳንቲሞቹ የሉም።

«እትዬ፣ እዚህ የነበረው ብርስ?»

«ላክሁታ!» አሉ አክስቴ ደስ ብሏቸው። «እንደ ከሰል ጠቁሮ አገኘሁት። ብር የሚጠቁረው ባለቤቱ ሊታመም ሲል አይደል? አንተም ከስተሃል። ጎረቤታችን ሽማግሌው ቡራዩ ገበያ ሲሄዱ ለብር ሠሪው ሰጥተውልሃል፤ አቅልጦ የአንገት መስቀል ይሥራልህ።»

«አቅልጦ?»

«ምነው ደነገጥክ? አንተ ሳትቀመጥበት አያቀልጠውም።»

እውነታቸውን ነው። በዚያ አገር ብር የሚያስቀልጥ ሰው ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ያያል። መዳብ ቀላቀለ ተብሎ እንዳይታማ ብር ሠሪውም ባለቤቱ ሳይኖር እሳት አያነድም። ግን ስንት ልማድ በአንድ ቀን ችኮላ ሲፈርስ በሥራዬ አይቻለሁ።

ቡራዩ ስደርስ ብር ሠሪው በሚቀመጥበት ቦታ አመድ ብቻ ነበር። አጠገቡ ጌሾ የምትሸጠውን ሴት ጠየቅኳት።

«ማለዳ ወደ ሱሉልታ ሄደ። ዛሬ ገበያው እዚያ ነው።»

«ትናንት እሳት አንድዶ ነበር?»

«ሲያናፋ ነው የዋለው።»

«የማንን ብር?»

«እኔ ምን አውቄ! የኔን እንዳይሆን ብቻ!» አለች፤ ጎረቤቶቿ ሳቁ።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ፣ ከሱሉልታ ድርቆሽ ሊጭን በባዶው የሚወጣ ካሚዮን አገኘሁ። እንጦጦን ሲወጣ አህያ የሚነዱ ሰዎች ይቀድሙን ነበር። ሾፌሩ ሞተሩ ጋለ ብሎ ውሃ ለመጨመር ቆመ፤ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ቆመ። ዜና ስጽፍ ያላየሁትን አልገምትም። ያን ቀን ግን መንገዱን ሙሉ ስገምት ሄድኩ። ሚዛን የያዘች ሴት የተቀረጸችበትን ዲናር ከሁሉ አብልጬ እወዳት ነበር፤ እሷ ማቅለጫ ሸክላ ውስጥ ስትቀልጥ፣ መጀመሪያ ሚዛኑ፣ ቀጥሎ ክንዷ ሲጠፋ ደጋግሞ ታየኝ።

ብር ሠሪውን ሱሉልታ በግ ተራው ዳር አገኘሁት።

«አካም ጂርቱ? ከሰበታ የተላከው ብር የኔ ነው» አልኩት፣ ትንፋሼ ሳይመለስ።

«እሰይ! ባለቤቱ መጡ! እርስዎን ስጠብቅ ነው ሳላቀልጠው የቆየሁት። ይቀመጡ።»

ገና እፎይ ሳልል ዱካውን ወደኔ ገፋ፤ ሳንቲሞቹን ከጨርቁ ወደ ማቅለጫው ሸክላ ገለበጠና ወናፉን ያዘ። ከሰሉ ቀላ።

«ተው! አታቅልጠው!»

እጁ ቆመ። «ምን ሆኑ?»

«ጥቁረቱን ነው የምፈልገው።»

በግ ሊሸጡ የመጡት ሰዎች ዞር አሉ። «ታዲያ ከሰል አይገዙም?» አለ አንዱ። «እሱ ይረክሳል።»

«የማን መልክ ነው ያለበት?» አለ ሌላው።

«የሮማ ቄሣር።»

«እንግዲያ ቄሣር ይምጣና ይውሰደው!»

ብር ሠሪው አልሳቀም። «ብሩ ንጹሕ ሲሆን የሚጠላ ሰው አይቼ አላውቅም። ያመጡት ሽማግሌም መስቀል ነው ያሉኝ። በእውነት የእርስዎ ነው?»

በዓይኑ የጠረጠረኝን ሰው ማስረዳት ነበረብኝ። አንዱ ቄሣር አገጩ ላይ እንደተሰነጠቀ፣ አንዱ ሳንቲም ጠርዙ እንደተቆረሰ፣ አንዷ ላይ ሚዛን የያዘች ሴት እንዳለች ተናገርኩ። ሳንቲሞቹን ከሸክላው አውጥቶ አንድ በአንድ እያገላበጠ አየ።

«ትክክል ነው። ሚዛን የያዘችዋ ግን…» ከኪሱ አወጣት። ቆርቆሮ እንዳትሆን ብሎ በአመድና በሎሚ ፈትጓታል። «ይኸው፤ እንዴት እንዳማረች ይዩ!»

እንደ አዲስ ታበራለች። የሴትዮዋ ፊት ከአመዱ ጋር ተፍቆ ጠፍቷል።

ስድስቱን ጥቁሮች ተቀብዬ ጨብጬ ቆምኩ። አክስቴ ምን ይዤ እንደምመለስ በራፍ ላይ ሆነው እየጠበቁ ነው። ጥቁሮቹን ብቻ ካዩ ሕመሙን ይዤ የተመለስኩ ነው የሚመስላቸው። ዱካው ላይ ተቀመጥኩ።

«እሷን አቅልጣት» አልኩት።

ወናፉ ተነፋ። እኔም እንደ ልማዱ፣ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ።

አክስቴ ትንሿን መስቀል በማተቤ ላይ በእጃቸው አሠሩልኝ። ከዚያ በኋላ ሰበታ በሄድኩ ቁጥር፣ ገና ሳንሳሳም ኮሌታዬን ገለጥ አድርገው ያዩዋታል። «ነጭ ናት፤ ተመስገን» ይላሉ።

ብር ነችና አንገቴ ላይ መጥቆሯ አልቀረም። ስድስቱን ዲናሮች ጣቴ እንዳያርፍባቸው ጠርዛቸውን ብቻ ይዤ ነበር የማያቸው። መስቀሏን ግን ሰበታ በምሄድበት ቀን ጠዋት ጠዋት፣ አመድና ሎሚ አቅርቤ፣ እስክትነጣ እፈትጋት ነበር።