የማይለቅ ቀይ

አጎቴ ከረሜላ አፍልቶ ይሸጣል፤ አንድም ጥርስ የለውም። ሁለቱ ነገሮች እንደሚገናኙ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ጥርሴን የጨረሰው ቀዝቃዛ ውሃ ነው ይላል። ሰፈሩ ከኋላው «ጋሽ ድድ» ይለዋል፤ ፊት ለፊት ደግሞ «ጋሼ» እያለ ምርቃት ይጠይቀዋል። እኔ የወንድሙ ልጅ ነኝ። ያደግኩት እሱ ጓሮ፣ ስኳር የጠገበ አየር እየሳብኩ ስለሆነ፣ ክፉውን ብናገር የሥጋ ዘመድ መብቴ ነው።

የሚሠራው ከቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ግድግዳዋ ቢላስ የሚጣፍጥ ይመስላል፤ ልጅ ሆኜ ሞክሬዋለሁ፣ ይጣፍጣል። በአንዱ ጥግ የመዳብ ድስት የተጣደበት ምድጃ አለ፤ መሐል ላይ ዘይት የተቀባ ሰፊ የእብነ በረድ ጠረጴዛ፤ በሩ አጠገብ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተመታ ወፍራም የብረት ሜንጦ። ስኳሩ በውሃ ይፈላል። አጎቴ አንድ ጠብታ ወስዶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይጥላትና በጥፍሩ ይጫናታል፤ ከተሰበረች ደርሷል። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያፈሰዋል፣ ቀለም ይበትንበታል፣ ጓንት አጥልቆ ያጣጥፈዋል፣ ሜንጦው ላይ ሰቅሎ ይጎትተዋል። ይጎትታል፣ መልሶ ይሰቅላል፣ ደግሞ ይጎትታል፤ ድፍርሱ ሊጥ ማብረቅረቅ እስኪጀምር ድረስ። በመጨረሻ በመቀስ ይቆራርጠዋል። ይህን ሲሠራ ያየው ሰው ሁሉ ይወደዋል። ችግር የሚመጣው አፉን ሲከፍት ነው።

ከረሜላ ሠሪ ሥራውን የሚፈትነው በጥርሱ ነው። ሲነከስ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ጥሩ ነው፤ ጥርስ ላይ ከተጣበቀ ሳይበስል ወርዷል ማለት ነው። ጥርስ የሌለው ከረሜላ ሠሪ ታዲያ ምን ያድርግ? መጀመሪያ ሚስቱን ያስነክሳት ነበር። እትዬ ግን፣ «የኔንም ጨርሰህ ለሁለታችን ማን ሥጋ ያላምጥልን?» ብላ ሥራውን ለቀቀች። ከዚያ የልጅ ልጁ መጣች። ትልቋ ልጁ፣ መጋረጃ ሰፊዋ፣ አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፤ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ መንጋጋዋ ግን እንደ ወፍጮ የሚሠራ። አጎቴ ከየድስቱ የመጀመሪያዋን ፍሬ አፏ ውስጥ ያደርግና ጆሮውን ጉንጯ ላይ ይለጥፋል። እሷ ትነክሳለች፣ እሱ ያዳምጣል።

«ቀጭ አለ» ይላል ዓይኑን ጨፍኖ። ካላለ ድስቱ ተመልሶ ይጣዳል።

በዓል በደረሰ ቁጥር ልጅቷ መጥታ እሱ ዘንድ ትሰነብታለች። ምን ትሠሪያለሽ ሲሏት «ቀማሽ ነኝ» ትላለች፤ እኩዮቿ በቅናት ሊሞቱ ይደርሳሉ። አጎቴ በዓልን የምጠብቀው ለገበያው ነው ይላል። ውሸቱን ነው፤ የሚጠብቀው እሷን ነው። በሌላው ጊዜ ሲያጉረመርም የሚውለው ሰውዬ፣ እሷ ስትመጣ ድስቱን ሲያማስል ይዘፍናል። ዘፈኑ ጆሮ ያደማል፤ ቢሆንም ይዘፍናል።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። አጎቴ ስም ያወጣው በቀዩ ነው። የሌሎች ከረሜላ ሠሪዎች ቀይ የሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ይገረጣል፤ የሱ ንቅንቅ አይልም። ምላስ ላይ የወጣ እንደሆነ በማግሥቱም እዚያው ነው። የጠረጴዛው ጠርዝ፣ የእትዬ ሽርጥ፣ የድመቷ ጅራት፣ ሁሉም ቀይ ነው። «ቀለም ማለት የማይለቅ ነው» ይላል፤ ስለ ከረሜላ እንጂ ስለ ሸሚዝ እያወራ እንዳልሆነ ትዝ ብሎት አያውቅም። የቀለሙን ዱቄት የሚገዛው፣ ምንም ካልተጻፈበት ጆንያ በማንኪያ እየዛቀ ከሚሸጥ የገበያ ነጋዴ ነው። ሽታውም ከትንንሽ ጠርሙሶች ይመጣል፤ ሙዝ የተባለው ሙዝ አይቶ አያውቅም፣ እንጆሪ የተባለው የጥፍር ቀለም የአክስት ልጅ ነው። ፍሬዎቹ እንዳይጣበቁ የሚያሻቸው ዘይት የምን ዘይት እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ዘይት ዘይት ነው» አለኝ። ብስክሌት ጠጋኙም ከዚያው በርሜል ነው የሚቀዳው።

ልጅቷ በዓል በመጣ ቁጥር ትታመም ነበር። ከንፈሯ ያብጣል፣ አንገቷ ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ስታክ ታድራለች፤ አንዳንዴም ስትተነፍስ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ምክንያት አልጠፋም፦ አቧራው ነው፣ ብርዱ ነው፣ ድመቷ ናት። እትዬ ድመቷን አባረረቻት፤ ምስኪን ቀይ ጅራቷን ቀስራ ሄደች። እኔ «ጋሼ፣ ከረሜላው ቢሆንስ?» ብዬው ነበር።

«እኔ ዕድሜ ልኬን ስበላው ኖሬ ምን ሆንኩ?» አለኝ፣ በድዱ።

ሰፈሩ ግን እሱን ማማት ከጀመረ ቆይቷል። ልጆቻቸው ማከክ ሲጀምሩ እናቶች እርስ በርስ «የጋሽ ድድ በዓል ገባ» ይባባላሉ። ያውም ከረሜላውን እየገዙ። ፊት ለፊት የነገረው አልነበረም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

ጉዱን ያወጣው መጋረጃ ነው። አንድ ሆቴል መጋረጃ ሰፊዋን ልጁን ቀይ መጋረጃ ያዛታል፤ ያገኘችው ጨርቅ ነጭ ብቻ ስለሆነ ራሷ ልትነክረው ቀለም ፍለጋ ገበያ ትወጣለች። ነጋዴው ጆንያውን ፈትቶ ሲዝቅላት ቀዩን አየችው፤ እዚያው ክው ብላ ቀረች። ያን ቀይ ታውቀዋለች። ልጅ ሆና ምላሷ ላይ ነበር።

«አንድ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ ከዚህ ይገዙ ይሆን?» አለችው።

«እሳቸው? የቆዩ ደንበኛዬ ናቸው እኮ። መቼም ብዙ ጨርቅ ሳይነክሩ አይቀሩም» አላት።

ለመሞከሪያ የነከረችውን ቁራጭ ጨርቅ ሳይደርቅ ይዛ መጣች። በዓሉ ደርሶ ስለነበር አጎቴ ሥራ ላይ ነው፤ ጆሮውን ልጅቷ ጉንጭ ላይ እንደለጠፈ ነው የደረሰችበት። እኔ ከረሜላ እየጠቀለልኩ ነበር። ጨርቁን እብነ በረዱ ላይ፣ ከአዲሱ ቀይ ከረሜላ አጠገብ ዘረጋችው። አጎቴ ቀና ብሎ አንዴ ይሄን አንዴ ያን አየ።

«ይሄ ጨርቅ ነው» አለ።

«አዎ።»

«ያኛው ደግሞ ከረሜላ ነው።»

«አዎ አባዬ። ቀለማቸውን ንገረኝ።»

ልጅቷ አፏ ውስጥ ያለውን ትትፋው ትዋጠው ግራ ገብቷት ሁለቱንም ታያቸዋለች። እናቷ መዳፏን ዘረጋችላት፤ እዚያ ላይ ተፋችው።

«ይሄ ዱቄት እዚህ ቤት እስካለ ልጄ ለበዓል አትመጣም» አለች ልጁ። «ሌላ ቀማሽ ፈልግ።» ልጅቷ እያለቀሰች ተወሰደች። አጎቴ ማማሰያውን እንደያዘ ቀረ፤ ድስቱ አረረ።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር እንደሱ ካለ ሰው የሚጠበቅ ነው፤ ነጋዴው ጋ ሄዶ ተጣላ። «አይለቅም ብለኸኝ አልነበር?» ሲለው ነጋዴው ከልቡ ተገርሞ፣ «አይለቅም አልኩዎት እንጂ ይበላል መቼ አልኩ?» አለው። ይህን ራሱ ሲነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ ፊቱን አየሁት፣ ሳቄም ቆመ።

«የመጀመሪያዋ ፍሬ ላይ እኮ ነው ዱቄቱ የሚወፍረው፤ ገና በደንብ ሳይዋሃድ» አለኝ። «እያንዳንዱን ድስት እሷ ናት የጀመረችው። ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ አብልጣ የበላችው እሷ ናት። ያጎረስኳት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ጆሮዬን ለጥፌ።» አለቀሰ። ጥርስ የሌለው ሰው ሲያለቅስ አገጩ ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህም እቀልድ ነበር። ያን ቀን ግን አንጀቴን በላው።

ዱቄቱን ሰብስቦ ለልጁ ላከላት፤ «ለሆቴሉ መጋረጃ ይሁን» ብሎ። ጠርሙሶቹንና ዘይቱን እትዬ ደፋቻቸው። ከዚያ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ያ ሽማግሌ ቅጠላ ቅጠል ሊያፈላ ተነሣ። በመጀመሪያ ቀይ ሥር ጨምቆ ስኳሩ ላይ ጨመረበት። እሳቱ ላይ ቀይነቱ ጠፍቶ ቡናማ ሆነ፤ እትዬ ቀምሳ «መቃብር መቃብር ይላል» አለች። እርድ ሞከረ፤ ቢጫው አማረ፣ ሽታው ግን ማድ ቤት ሆነ። ቆስጣ ሞከረ። ስለ ቆስጣው ባናወራ ይሻላል።

ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳም፤ አንድ ቀን ኪሱ ውስጥ በላስቲክ የተቋጠረች ቀይ ዱቄት ተገኘችበት። «ለመልኩ ያህል፣ ቁንጥር ብቻ» አለ። እትዬ ቋጠሮዋን ምድጃ ውስጥ ከተተቻትና፣ «የልጅ ልጅ ትፈልጋለህ ወይስ ቀይ?» አለችው። ከዚያ በኋላ ቀይ የሚባል ነገር አንስቶ አያውቅም።

መውጫውን ያገኙት ከረሜላነትን ራሱን ሲተዉ ነው። ቴምር ፍሬው ወጥቶ ይፈጫል፤ የተቆላ ሰሊጥና የተወቀጠ ኦቾሎኒ ይገባበታል፤ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ በስሱ ተከትፎ ይነሰነስበታል። ከዚያ በእጅ ይድቦለቦላል። ስኳር የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ከጠርሙስ የወጣ ሙዝ የለውም። እትዬ ትሪው ላይ የተደረደረውን አይታ «የፍየል በጠጥ ይመስላል» አለች፤ ቀጥላም ትሪውን ግማሽ በላችው። ለለመደው ሰው ደግሞ የሚሰበረውን ከረሜላ አልተወም፤ በሎሚ ጭማቂ ብቻ፣ ነጭ አድርጎ ይጎትተዋል። እሱም ቢሆን ስኳር ነው፤ የሚገዛውን ሁሉ «በልተህ አፍህን ተጉመጥመጥ» ይለዋል። አጎቴ ስለ ጥርስ ሲመክር መስማት በዕድሜዬ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ የሚያስገርመኝ ነው።

ሰፈሩ ቅር አለው። ልጆች ምላሳቸውን አውጥተው ይተያዩና ሁሉም የወትሮው ምላስ ነው። አንዷ እናት «ጋሼ፣ ይሄ ከረሜላ ነው መድኃኒት?» ብላ አሾፈች፤ ልጆቿ በየበዓሉ ሲያኩ የኖሩባት እናት ናት። አጎቴ እንደ ዱሮው ቢሆን ይሰድባት ነበር። ያን ጊዜ ግን ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። የሰፈሩ ነገር አልቆረቆረውም፤ የቆረቆረው በዓሉ ያለ ልጅቷ ሊያልፍ መሆኑ ነው።

የቴምሩን ለልጁ የወሰድኩላት እኔ ነኝ። ምን ምን እንዳለበት አንድ በአንድ አስቆጠረችኝ፤ ኦቾሎኒና ሰሊጥ ልጇ ሁልጊዜ የምትበላው ስለሆነ አልፈራችውም። ፊቷ በላሁላት፣ እሷም በላች። «ይዣት እመጣለሁ» አለች። «የምትበላውና የማትበላው ግን በራሷ ይሁን። ማንም እንዳይለምናት።»

በበዓሉ ዋዜማ መጡ። አጎቴ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ትሪውን ይዞ፣ የክፍሏ በር ላይ ቆሟል። ልጅቷ ሮጣ ትጠመጠምበታለች ብለን ነበር። ደጃፉ ላይ ቆመች። ትሪውን አየች፣ እሱን አየች።

«አባባ፣ መጀመሪያ አንተ ብላ» አለችው።

አንዷን አንሥቶ ጎረሳት። ለስላሳ ስለሆነች ድዱ በቃው፤ አላመጠ፣ ዋጠ። ልጅቷ ተጠጋችና በሁለት ጣቷ የታችኛውን ከንፈሩን ወደ ታች ጎትታ ተመለከተች። ኮሌታውን ገልጣ አንገቱን አየች።

«አሳከከህ?»

«አላሳከከኝም።»

«ትንሽ እንጠብቅ።»

እናቷ ልትቆጣት አፏን ስትከፍት አጎቴ እጁን አነሣ። «ተያት። ልክ ናት» አለ። ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጠና፣ እንድታየው እንዲመቻት አንገቱን ቀና አድርጎ ጠበቀ። እንባው በጉንጩ እየወረደ ነው። «አጥፍቻለሁ፣ የኔ ልጅ» አላት። ለሚስቱም፣ ለልጆቹም፣ ለእኔም ብሎት አያውቅም።

«እሺ» አለች። ከትሪው አንዷን አንሥታ ሳትቀምሳት ኪሷ ከተተቻት፤ ከዚያ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ልትጫወት ወጣች።

በማግሥቱ ጠዋት ከሁላችን ቀድማ ተነሥታ የመኝታ ቤቱን በር ገፋ አድርጋ አየች። አያቷ በሕይወት አድሯል፤ ቁጭ ብሎ ጫማውን እያሰረ ነበር። ያኔ ከኪሷ አውጥታ በላች።