የዘርፈሽዋል ልጅ የተጠየቀች ዕለት

ከዘርፈሽዋል ጋር በአንድ ሆስፒታል ወለል እንወለውላለን። ፍራንክፈርት ዳር፣ ዞሰንሃይም ውስጥ የምንኖረውም በአንድ ሕንፃ ነው፤ እሷ አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ሁለተኛ። የማለዳው ፈረቃ፣ ፍሩሺሽት ሲደርሰን ሳይነጋ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ እንገናኛለን። ብዙ አናወራም። ገና ከአልጋው ሲነሣ የደከመው ሰው ምን ያወራል? ልጇ የተነሣች እንደሆነ ግን ዘርፈሽዋል ወሬ አታጣም።

ልጅቷ ብሩኪ ትባላለች። አባቷ ግርማ አንደኛ ክፍል ሳትገባ ታሞ ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። በአሥራ ሦስት ዓመቷ እናቷን በቁመት ጥላት ሄደች። የቅርጫት ኳስ ክለቧ አሰልጣኝ ሄር ኬለር፣ ይህች ልጅ ሌሎቹ ገና ያላዩትን ቀድማ ታያለች ይል ነበር። እኔ ስለ ኳሱ አላውቅም። አንዴ ሄጄ ጆሮዬ ደንቁሮ ተመለስኩ። ዘርፈሽዋል ግን ከሥራ በቀጥታ እየሄደች እዚያው ወንበሩ ላይ ታንቀላፋለች፤ ሰው ሲጮህ ባንና ታጨበጭባለች። አንድ ቀን ለተጋጣሚው ቡድን አጨብጭባ ብሩኪ አኩርፋታለች።

ብሩኪ ለጀርመን የወጣቶች ቡድን ከተመረጠች በኋላ ከአሜሪካ ኮሌጆች ይደውሉ ጀመር። እዚያ ጎበዝ ተጫዋች ከሆንሽ ትምህርቱም መኝታውም በነጻ ነው። ብዙዎች ጠሯት፤ በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። አንደኛው በደቡብ በኩል ያለ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ነገር ግን በእሷ ቦታ የሚጫወቱ ሌሎች ልጆች ስላሉት እዚያ የሚጠብቃት ወንበር ማሞቅ ነው። ሁለተኛው በሰሜን፣ ሐይቅ ዳር ያለ ትንሽ ኮሌጅ ነው። የዚህኛው አሰልጣኝ ሴት ናት። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አሰልፍሻለሁ፣ ፊዚዮቴራፒ መማር ከፈለግሽም ኳሱ ትምህርትሽን አይሻማውም ብላታለች። ብሩኪ የፈለገችው ይህንን ነው። ለእናቷ ነገረቻት፣ እናቷም ደስ አላት። በሁለቱ መካከል አንድም ቅሬታ አልነበረም።

ከዚያ አሰልጣኟ ቤተሰቡን ለማየት ፍራንክፈርት ድረስ እንደምትመጣ አስታወቀች።

"ልጄን ሊጠይቁ ከቤቴ ይመጣሉ" አለችኝ ዘርፈሽዋል አውቶቡስ ውስጥ። "ሰው የሌላት ይመስል ብቻዬን ልቀበላቸው?"

ዘርፈሽዋል ያደገችው ሆሳዕና ነው። ግርማ ሽማግሌ ሲልክባት አባቷ ደጋግመው መልሰው፣ ሽማግሌዎቹ መንገዱ ከሰለቻቸው በኋላ ነው እሺ ያሉት። ቶሎ የተሰጠች ልጅ ቶሎ ትናቃለች ይሉ ነበር። በሕይወቷ ካገኘችው ክብር ሁሉ ያንን የሚያህል የላትም፤ ስታወራው ፊቷ ይፈታል። ለብሩኪም ያው እንዲደረግላት ፈለገች። ኧረ ይሄ ጋብቻ አይደለም አልኳት።

"ከቤቴ አውጥተው ይወስዷት የለም? ስሙን እንደፈለጉ ይበሉት" አለችኝ።

ለመከራከር አቅም አልነበረኝም።

አዳራሽ ተከራይቶ ከሚያመልከው ጉባኤያችን ጋሽ በሪሁንን ጠራች። ሽማግሌያችን ናቸው፤ እዚህ አገር ባሎችና ሚስቶች ሲጣሉ የሚያስታርቁት፣ ልጅ ሲዳርም የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። እንግሊዝኛ የሚችለው ባለታክሲው አብዲሳም ሊያስተረጉም መጣ። እኔ ወጥ ቤት ገባሁ። ብሩኪም ከእኔ ጋር እንድትሆን ተደረገ፤ የምትጠየቅ ልጅ ጠያቂዎቿ ፊት አትቀመጥም።

"ታንቴ፣ ከበሩ ኋላ ልደበቅ?" አለችኝ እየሳቀች። ታንቴ የምትለኝ አክስቴ ለማለት ነው።

"በዚህ ቁመት የትኛው በር ይደብቅሻል?" አልኳት።

እናቷን በሰው ፊት ማሳፈር አልፈለገችም። ለወግ ያህል ነው፣ ይለፍላት አለችኝ።

አሰልጣኟ ጫማዋን አውልቃ ገባች። የቀረበላትን ጥብስ በልታ ጨርሳ ሲደገምላትም አልመለሰችም፤ ጋሽ በሪሁን በዚህ ወደዷት። ከዚያ የመጣችበትን ተናገረች። የቀራት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አንዲት የስፔን ልጅም ቦታውን ትጠብቃለች፤ የብሩኪን መልስ ይዛ ብትመለስ ደስ ይላታል። አብዲሳ አንድም ሳያስቀር አስተረጎመ። እኛ ግን ጠያቂ ሁሉ ይቸኩላል ብለን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም።

ጋሽ በሪሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጃችን ብርቅ ናት። ደጃችን ድረስ ስለ መጣሽ ተባረኪ። እኛ እንመካከር፤ አንቺም ደግመሽ ነይ።"

ሴትዮዋ ፈገግታዋ እንዳለ ሆኖ ዓይኖቿ ተለወጡ። ከራሷ ከብሩኪ መስማት እንደምትፈልግ ተናገረች። ብሩኪ ከወጥ ቤት ወጣች፤ እናቷን አየቻት። ዘርፈሽዋል አንገቷን በትንሹ ነቀነቀች፤ አትቸኩዪ ማለቷ ነው። ብሩኪም ቤተሰቦቼ እንዳሉት ይሁን ብላ መለሰች።

አሰልጣኟ አገሯ ገብታ መልሱን የሚጠይቅ መልእክት ላከች። ዘርፈሽዋል ልጇን እየመከርን ነው በያት አለቻት፤ እኛ አንሩጥ፣ እነሱ ይጠይቁን። ምክሩ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሊደረግ ነበር፤ ጋሽ በሪሁን ግን ለለቅሶ ሽቱትጋርት ሄደው ሳይመለሱ ቀሩ። ብሩኪ እሺ ብዬ ለአሰልጣኟ ልንገራት እያለች ስትለምን እናቷ ሽማግሌ ይዘሽ ሽማግሌውን አትቀድሚም አለቻት። በሚቀጥለው ሳምንት ሄር ኬለር ደወል ሳይደውል ሽቅብ መጣ። ያን ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ። ኮሪደሩ ላይ እንደቆመ፣ ለምን እምቢ አላችሁ ሲል ጠየቀ።

"እምቢ መቼ አልን?" አለችው ዘርፈሽዋል በዚያ በተሰባበረው ጀርመንኛዋ። "ደግመሽ ነይ ነው ያልናት።"

"ከአሜሪካ?"

"ደግመሽ ነይ ማለት እኮ እሺ ማለት ነው።"

ኬለር አያት። ሊቆጣ መጥቶ መቆጣት ያቃተው ሰው ይመስል ነበር። አሰልጣኟ ቤተሰቡ አልፈለገም ብላ ቦታውን ለስፔኗ ልጅ መስጠቷን ቀስ ብሎ ነገራት።

ብሩኪ አልጮኸችም። ሁሌ በጀርመንኛ ነው የምትመልሰው፤ ያን ቀን ግን "እማ፣ እኔ እኮ ፈልጌው ነበር" ያለችው በአማርኛ ነው። ከዚያ ክፍሏ ገባች።

ጋሽ በሪሁን ሲመለሱ ሰሙ፤ ደረጃውን እያረፉ ወጥተው መጡ። ለአሰልጣኟ እኔ ደውዬ ላስረዳት አሉ።

"እርስዎ ምን አጠፉ? የተናገሩት እኔ የለመንኩዎትን ነው" አለቻቸው ዘርፈሽዋል። ሻይ ቀድታላቸው ሁለቱም ሳይጠጡት ቀዘቀዘ።

የቀረው የደቡቡ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የዚያ አሰልጣኝ በቪዲዮ ሲደውል ዘርፈሽዋል የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ከልጇ ጎን ተቀመጠች። ማንንም አልጠራችም፤ እኔም የነበርኩት ከሥራ አብረን ስለ ወጣን ነው። ሰውዬው ገና መናገር ከመጀመሩ እጇን አንሥታ "የስ" አለችው። እንደገናም "የስ፣ የስ" አለች። ሰውዬው ግራ ተጋባ።

ብሩኪ የእናቷን እጅ ይዛ ወደ ጭኗ መለሰችው። "ቆይ፣ እማ። የምጠይቀው አለኝ" አለቻት።

ረጅም ነገር ጠየቀችው፤ እሱም ረጅም መለሰላት። እኔና ዘርፈሽዋል ምንም አልገባንም። ዘርፈሽዋል ከንፈሯን ነክሳ የልጇን ፊት ብቻ ታያለች። በመጨረሻ ብሩኪ ራሷ እሺ አለችና ስልኩ ተዘጋ።

"ምን አለሽ?" አለች እናቷ።

ፊዚዮቴራፒው በመጀመሪያው ዓመት አይሆንም፣ ከጨዋታው ጉዞ ጋር ይጋጫል፣ በኋላ እናየዋለን ማለቱን ነገረችን። መሰለፉንም በኋላ እናየዋለን ነው ያላት።

"ታዲያ ለምን እሺ አልሽው?"

"ሌላ የለኝማ" አለች ብሩኪ፤ ይህንንም በአማርኛ። ተነሥታ የእናቷን የሥራ ጫማ ፈታችላትና በር አጠገብ አስቀመጠችው።