ነፍሰ ጡር ታስርባለህ ተብዬ ከታክሲ ልወርድ ነበር

ዛሬ ከቆቃ ወደ አዳማ ስመጣ ሚኒባስ ውስጥ ልደበደብ ነበር።

ከአሳማ እርባታችን ሠራተኛው ደወለና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዘችው አሳማችን ምግብ አልበቃ እንዳላት ነገረኝ።

«እንዳትጨምርላት! ከወፈረች ምጥ ይጠናባታል። እህቶቿ ካስቸገሯት ለብቻዋ ዝጋባት» አልኩት፣ ጮክ ብዬ።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት ዞሩብኝ። «አንተ፣ እግዜርን አትፈራም? ነፍሰ ጡር ታስርባለህ?»

«እማማ፣ አሳማ እኮ ናት!»

«ጭራሽ አሳማ ይላታል!»

ረዳቱ «ወራጅ!» ብሎ በሩን ከፈተልኝ።

ፎቶዋን ከስልኬ አውጥቼ ሳሳይ ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። እማማ ግን አልሳቁም። ፎቶውን አተኩረው አዩና፣ «አሳማም ብትሆን እናት ልትሆን ነው፤ ጨምርላት» አሉኝ።

እዚያው አስደወሉኝ። ለዛሬ አንድ ጣሳ ተጨመረላት። (ምግቧን እንዳንጨምርላት ያዘዝከን የእንስሳት ሐኪማችን፣ አንተም ብትሆን እምቢ አትላቸውም ነበር።)

እናንተስ፣ የስልክ ወሬያችሁ ታክሲ ውስጥ ጉድ አፍልቶባችሁ ያውቃል? እስቲ አውሩኝ።