ኮቱ የማን ነው?

ሴትየዋ መጋረጃ ሰፊ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ አንድ ሲሆን ሃያ ስድስቱን ዓመት ያሳለፈችው በአንድ ሱቅ የኋላ ክፍል፣ በአንድ የስፌት መኪና ፊት ነው። ስትሰፋ ታንጎራጉራለች። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ከመልመዳቸው የተነሳ ዝም ያለች ቀን «አሞሻል እንዴ?» ይሏታል።

የሙዚቃውን ነገር የጀመረባት ታላቅ ወንድሟ ነው። ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነው፤ «አምፖል» ይሉታል። ውስጡ እንደ አምፖል የሚበራ አሮጌ አምፕሊፋየር ከሌለ ድምፅ የሚባል ነገር የለም ብሎ ሽንጡን ገትሮ ስለሚከራከር ነው። ልጅ ሳለች ሸክላ የሚያሰማት እሱ ነበር፤ ያን የድሮውን ሮክ፣ ገና ከፈረንጆቹ የባላገር ዘፈን ሳይለያይ፣ ጊታሩ አቧራ የቃመ የሚመስለውን። በጊታር ሦስት ኮርድ አስተማራት፤ አራተኛውን ራሷ ፈልጋ አገኘችው። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ አራት ድምፅ ለየብቻ ቀድቶ አንድ ላይ የሚያሰማ አሮጌ የካሴት መቅረጫ ጠግኖ ሰጣት።

ሴት ልጇ አግብታ ከወጣች ወዲህ ክፍሏ ባዶ ነበር። እዚያ ግድግዳው ላይ ከሱቅ የተራረፈ የከፈይ ጨርቅ ቁራጭ ሰቀለችበት፤ ጊታሩ እንዳያስተጋባ። ድምፅዋን ግን መታጠቢያ ቤት ገብታ ነው የምትቀዳው፤ እዚያ ሸክላ ንጣፉ ድምፅን ያሳምራል። ስትቀዳ ፍሪጁን ትነቅላለች፤ ማጉረምረሙ ካሴቱ ውስጥ ይገባላ። አንድ ጊዜ መልሳ መሰካቱን ረስታ የሳምንቱ ሥጋ ተበላሽቶ ነበር። አውቶቡስ ሾፌር የሆነው ባሏ ያን ቀን ሽንኩርት ብቻ ከትፎ ጠበሰ።

ያ ዘፈን የመጣላት ከሥራ ስትመለስ ነው። ዜማው ቀድሞ መጣ፤ ቃሉ ራሱ እግር አውጥቶ ተከተለው፦

ኮትህ ሚስማር ላይ ነው፣ ጫማህ ከደጃፉ፣
አንተ ግን የለህም፣ ዓመታት አለፉ።

ቅዳሜ ቀዳችው። ከሠራቻቸው ሁሉ የተሻለ ሆነላት። ደስ ብሏት ባሏን አስቀምጣ አሰማችው። እሱም እስከ መጨረሻው ሰማና ኮቱ የማን እንደሆነ ጠየቃት።

«የማንም አይደለም» አለችው።

«እኔ ኮት የለኝም። የደንብ ልብስ ነው ያለኝ።»

«ዘፈን እኮ ነው።»

«ዘፈን መሆኑንማ ሰማሁ።»

አልተቆጣም፤ እሷን የከበዳት ይሄው ነው። ቢቆጣ ትመልስለት ነበር። አሁን ግን ጥያቄው የሷም ሆነ። መርፌ ስታስገባ፣ ጨርቅ ስትለካ ሰውየውን ትፈልገዋለች። አባቷ ብረት በያጅ ነበሩ፤ ኮት ለብሰው አያውቁም። ከባሏ በፊት የወደደችው አንድ አስተማሪ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሹራብ ነበር የሚለብሰው፣ ትታው የሄደችውም ራሷ ናት። ታዲያ ማነው? ከልቧ ካልሆነ ከየት መጣ?

ወንድሟ ይገላግለኛል ብላ ካሴቱን ወሰደችለት። አምፖል ሰምቶ ሲያበቃ መነጽሩን አወለቀ፤ ለሥራ ርቆ የቆየባቸውን አምስት ዓመታት አንስቶ «ለካ እንዲህ ናፍቄሽ ኖሯል» አላት። እውነቱን ልትነግረው አፏን ከፍታ አሳዘናት፤ «አዎ ጋሼ» ብላ ወጣች። ግራ መጋባቷ ላይ ውሸት ተጨመረበት።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ ባሰ። ሴቶቹ አሰሚን ብለው ስለወተወቷት ካሴቱን በምሳ ሰዓት ከፈተችው። ባለሱቁ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ትልቅ ሰው፣ በሩ ላይ ቆመው ሰሙ። ሲያልቅ ጠጋ ብለው በዝግታ፦

«ማን ነገረሽ?» አሏት።

«ምኑን ነው ጋሼ?»

ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ሲያልፉ በአክብሮት ጎንበስ ይሉላት ጀመር፤ ለምን እንደሆነ እስከዛሬ አታውቅም።

ሰልችቷት ቃሉን ልትቀይረው ወሰነች። ኮቱን ጃንጥላ አደረገችው፤ ዘፈኑ እንደ ነጋዴ ማስታወቂያ ሆነ። ሰውየውን ሴት አደረገችው፤ ቤት መምታቱን ተወ። ጫማውን ብታነሳው ዜማው አብሮ ተነሳ። ደክሟት የመጀመሪያውን መለሰች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባሏ ከጠዋቱ ፈረቃ ሲመለስ ያንኑ ስትጫወት አገኛት። እጇን ከጊታሩ ክር ላይ አነሳች። እሱ ግን ቁልፉን አስቀምጦ የልጃቸው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ቀጥዪ አላት። ጨረሰችለት።

«ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትቸኩያለሽ» አላት። «መታጠፊያው ሳይደርስ ነው የምትታጠፊው።»

«ስለ ሰውየውስ?»

«እሱን ተይው። አንቺ ካላወቅሽው እኔ ከየት አመጣዋለሁ?»

ይህን ያለው አምኗት ይሁን ታክቶት፣ ፊቱን አይታ መለየት አልቻለችም። ልትጠይቀው ፈለገች፣ ደግሞም ፈራች። እሱ ግን ባዶ የስፌት ክር ሳጥን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በመዳፉ መምታት ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይዛነፍ፣ ሃያ ዓመት ሞተር ሲያዳምጥ እንደኖረ ሰው። ዘፈኑ ያን ጊዜ እግሩ መሬት ነካ። ፍሪጁን ሊነቅል ራሱ ሄደ።

አራት ጊዜ ቀዱት። አራተኛው ላይ፣ የመጨረሻው ክር ድምፅ ሳይጠፋ፣ ባሏ «እንደገና» ሲል ይሰማል። ወንድሟ ይሄ ይቆረጥ ብሏት ነበር፤ እሷ እምቢ አለች።